ሁለት ደብዳቤ፣ አንድ መዝገብ

በሕይወቴ ራሴ የመረጥኩት ዩኒቨርሲቲ አንድ ብቻ ነው። እሱንም የመረጥኩት በ28 ዓመቴ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ስድስት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ዳኛ ስለደወለችልኝ ነው። ለሕግ ማስተርስ ሁለት ዩኒቨርሲቲ አመልክታ ሁለቱም ተቀብለዋታል። «እትዬ፣ አንቺ እኮ በዚህ አልፈሻል፤ የትኛው ይሻለኛል?» አለችኝ። ሃያ ደቂቃ አወራኋት። ስልኩን ስዘጋው ምንም እንዳልነገርኳት ገባኝ። «ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ አስቢበት» ብቻ ነው ያልኳት። እኔም በጊዜዬ ሁሉም ሰው ይህንኑ ብሎኝ ነበር፤ አንድም ቀን አልጠቀመኝም። እንግዲህ ቁጭ ብዬ የሆነውን ልጻፍላት።

የመጀመሪያ ዲግሪዬን ምርጫ ልለው አልችልም። በ1999 ዓ.ም. መሰናዶ ስንጨርስ ቅጽ ሞላን። አንደኛ አዲስ አበባ፣ ሁለተኛ ባሕር ዳር፣ ሦስተኛ ጎንደር ብዬ ጻፍኩ። ከትምህርቱ ሕግን አስቀደምኩ። የዚያን ጊዜ ተማሪ ያውቀዋል፤ ትሞላለህ እንጂ አትመርጥም፣ የሚመድበው ሚኒስቴሩ ነው። ስሜ ሲወጣ ሕግ፣ ጅማ ይላል። ሕግ ስለደረሰኝ ቤታችን እልል ተባለ። ጅማ በየት በኩል እንደሆነች ግን ከቤታችን የሚያውቅ አልነበረም። ዓባይ በረሃን ወርጄ ወጣሁ፣ አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ አጠገብ አደርኩ፣ በማግሥቱ ደግሞ ግቤን። ሁለት በረሃ ተሻግሬ የደረስኩበት ጅማ መልካም አምስት ዓመት ሰጠኝ። መውጫ ፈተናውን አልፌ፣ ሥልጠናዬን ጨርሼ ወደ ምሥራቅ ጎጃም ተመለስኩ። በአንድ ወረዳ ፍርድ ቤት መጀመሪያ ረዳት ዳኛ፣ ከዚያ ዳኛ ሆንኩ።

ስለዚህ በ2010 ክረምት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የመግቢያ ደብዳቤ ሲደርሰኝ፣ መምረጥ የሚባለውን ነገር ከዚያ በፊት አድርጌው አላውቅም ነበር።

አንደኛው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የቢዝነስ ሕግ። ሁለተኛው ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፤ የአካባቢና የመሬት ሕግ። ያን ጊዜ የመግቢያ ፈተናውን እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለየብቻው ነበር የሚሰጠው። ሁለቱንም ሄጄ ተፈተንኩ። አዲስ አበባን የተፈተንኩት ጓደኞቼ ሁሉ ስለተፈተኑ ነው። ባሕር ዳርን የተፈተንኩት በአንድ መዝገብ ምክንያት ነው። መዝገቡን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

የምሠራበት ከተማ ከደጀን ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። መናኸሪያው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት ድምፅ አለው። አንዱ ረዳት «አዲስ አበባ! አዲስ አበባ!» እያለ ይጮኻል፤ መኪናው በደጀን አድርጎ ዓባይን ይሻገራል። ሌላው «ሞጣ! ባሕር ዳር!» ይላል፤ በጉንደወይን፣ በሞጣ፣ በአዴት አድርጎ ይሄዳል። ቤቴ ለመናኸሪያው ቅርብ ስለሆነ ሁለቱንም ከአልጋዬ ላይ እሰማቸዋለሁ። በዚያ ክረምት ከእንቅልፌ የምነቃው በነሱ ድምፅ ነበር።

ምክር አላጣሁም። የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ይሠራል። ገና ደብዳቤውን እንደነገርኩት ደወለ። «ቢዝነስ ሎው እኮ ነው! ባንክ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ ድርጅት ሁሉ የሕግ ሰው ይፈልጋል። መሬት ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው? መልሰሽ ወረዳ ልትገቢ?» አለኝ። ክፉ አልተናገረም። ልጅ አለሽ፣ ኑሮ አለ፣ ደሞዝሽን እናውቃለን ማለቱ ነው። ስለ ገንዘብ መጠየቅ ነውር የሚመስላችሁ ካላችሁ ነውር አይደለም። የሕግ ትምህርት የሚያበላ መሆኑን ማሰብ ተገቢ ነው።

ባለቤቴ መምህር ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ። ፍርድ ቤቱ ስፖንሰር ስላደረገኝ ደሞዜ አይቋረጥም፤ ቤት ኪራይ ግን በራሴ ነው። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ ክፍል ስንጠይቅ ከደሞዜ ግማሹን አልፎ ሄደ። ባሕር ዳርም ርካሽ አይደለም፤ ግን ለወተት የሚተርፍ አለ። ልጃችን ሦስት ዓመቷ ነው። አማቴ «እኔ አለሁላት፣ እናንተ ተማሩ» አለች። ባለቤቴ ሁሉንም ጽፎ ደመረና ወረቀቱን ወደኔ ገፋው። «የኔ ሒሳብ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ቀሪውን አንቺ ነሽ የምታውቂው» አለኝ። እስከ ዛሬ ስለዚያች ቃል አመሰግነዋለሁ።

የከበደኝ የአባቴ ምክር ነው።

አባዬ ደብረ ወርቅ አካባቢ ገበሬ ነው። ቅዳሜ ገበያ ሲመጣ ከኛ ቤት ጎራ ብሎ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል። ሁለቱን ደብዳቤ አነበብኩለት። ባሕር ዳር ስል ፊቱ በራ። ቅርብ ናት፣ ዘመድም አለን። የመሬት ሕግ ስል ግን ሲኒውን አስቀመጠ።

በ1989 የመሬት ሽግሽግ ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባዬ በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ነበር። ሽግሽጉ ሲመጣ «ቢሮክራሲ» ተባለ፤ በቀድሞው ሥርዓት ሹም የነበረ ማለታቸው ነው። እንዲህ የተባለ ሰው ከአራት ቃዳ በላይ አይዝም፤ አንድ ሄክታር ማለት ነው። ሰዎች ማሳችን ላይ ገመድ ሲዘረጉ ትዝ ይለኛል። ገመዱ እርጥብ ነበር፤ ጫፉን የያዘው ሰው እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ይስባል። አባዬ ዳር ቆሞ ያያል። አልተጣላም፣ አልጮኸም። ማታ ግን እራት አልበላም። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። አሁን ሲኒውን አስቀምጦ እንዲህ አለኝ፦

«ልጄ፣ መሬት ሰው ይበላል። ዳኛውንም ይበላል። አዲስ አበባ ሂጂ። ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር ፍረጂ።»

ጎጃም ውስጥ ስንት ሰው በድንበር ምክንያት እንደሞተ፣ ስንቱ እስር ቤት እንደገባ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ግማሾቹ የግድያና የድብደባ መዝገቦች ሥራቸው ሲቆፈር ማሳ ላይ ነው የሚያርፉት። አባዬ የፈራው በከንቱ አይደለም። በዚያ ቅዳሜ ማታ አዲስ አበባን መርጬ ተኛሁ።

አሁን መዝገቡን ልንገራችሁ።

በ2009 ዓ.ም. ነው። ከሳሽ ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት። ችሎት ስትገባ የይዞታ ደብተሯን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ከውስጥ ደግሞ በፌስታል አስራ ነበር። ፌስታሉን ለመፍታት ጥፍሯ እምቢ አላት። ሁላችንም ጠበቅናት። ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን አለ፤ በክልላችን ደብተሩ የሚሰጠው በሁለቱም ስም ነው። የሟች ባሏ ፎቶ እርጥበት ገብቶበት ፊቱ ነጥቷል። ኮቱ ብቻ ይታያል። የሷ ግን ጥርት ያለ ነው። ይዞታው ሁለት ቃዳ ይላል። አዋሳኞቹም አሉ፦ በምሥራቅ እገሌ፣ በሰሜን መንገድ፣ በምዕራብ ጅረት፣ በደቡብ ተከሳሽ።

ባሏ ሲሞት የሚያርስላት አጣች። ማሳውን ለተከሳሹ፣ ለደቡብ አዋሳኟ፣ እሱ አርሶ ምርቱን ሊካፈሉ በእኩል ሰጠችው። እሱም የራሱንና የሷን አንድ ላይ እያረሰ ዓመታት አለፉ። አንድ ሰው ሁለት ማሳ ሲያርስ መሃል ያለው ዳር ይጠፋል። በሬው አያውቀውም። ኋላ ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው የመሬት ምዝገባ መጣ። ከአየር በተነሳ ፎቶ ላይ እያንዳንዱ ማሳ ተሰምሮ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ካርታ ወጣ። በአዲሱ ካርታ የሷ ማሳ 0.37 ሄክታር ሆኗል። ግማሽ ቃዳ ያህል ወደ ደቡብ ሄዷል።

ባለሙያ ተጠርቶ መጣና ካርታውን ዘርግቶ አስረዳ። ሥራውን የሚያውቅ፣ ትሑት ልጅ ነው። ቁጥሮቹን አነበበ፣ መስመሮቹን በእስክሪብቶው እየተከተለ አሳየ። «የፍርድ ቤቱ ጥያቄ አለ?» የሚባልበት ጊዜ ደረሰ። ካርታውን አየሁት። ምን እንደምጠይቀው አላወቅኩም። ጅማ ላይ ፍትሐ ብሔር ተምሬያለሁ፣ ውል ተምሬያለሁ፣ የማስረጃ ሕግ ተምሬያለሁ። ካርታ እንዴት እንደሚወለድ ግን አላውቅም ነበር። «የለም» አልኩ። ካርታው ሕጋዊ ሰነድ ነው፣ የሚያስተባብል ማስረጃ አልቀረበም ብዬ ክሱን ዘጋሁት።

አሮጊቷ ደብተሯን መልሳ በፌስታል እያሰረች «በሕግ አምላክ፣ ዳኛዬ፣ እግርሽ ይርገጠውና ፍረጂ» አለችኝ። በሕግ አምላክ ሲሉት ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባላል። እኔ አልቆምኩም። ቀጣዩን መዝገብ ጠራሁ።

ይግባኝ ጠየቀች። የሚጽፍላት ሰው እንዴት እንዳገኘች አላውቅም። ከጥቂት ወራት በኋላ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህ ይጣራ ብሎ መዝገቡን በነጥብ መለሰልኝ። ነጥቡ አጭር ነው፦ ድንበሩ ለካርታው ሲመላከት ከሳሽ በቦታው ነበረች ወይ? ካልነበረች ማን አመላከተ? ይህ ተጣርቶ ይወሰን።

አነበብኩትና ፊቴ ጋለ። ጥያቄው ይሄ ብቻ ነበር። ለካ መዝጋቢዎቹ ማሳው ላይ ይሄዳሉ፤ ባለይዞታውና አዋሳኞቹ ቆመው ድንበሩን ያመላክታሉ፤ መስመሩ በዚያ ፎቶ ላይ የሚሰመረው ሰዎቹ በጠቆሙት ነው። ካርታው የተሠራው በማሽን ብቻ ሳይሆን በሰው ጣትም ነው። አሮጊቷ ያን ሰሞን ልጇ ወልዳላት ሌላ ወረዳ ነበረች። ማሳው ላይ ተገኝቶ የጠቆመው የሚያርሰው ሰው ነው። ቦታው ሄድኩ፣ ረገጥኩት፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች የድሮውን ዳር አሳዩን፣ ተለካ። ግማሽ ቃዳዋ ተመለሰላት።

መዝገቡ ተዘጋ። እኔ ላይ ግን አልተዘጋም። ይግባኝ የሚጽፍላቸው ያላገኙትን ማሰብ ጀመርኩ። በስድስት ዓመት ውስጥ «የፍርድ ቤቱ ጥያቄ የለም» ያልኩባቸውን ቀናት ለመቁጠር ሞክሬ ተውኩት።

አብሮኝ የሚያስችል አንድ ሽማግሌ ዳኛ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። አዲስ አበባ ልሄድ ነው ስለው አልተቃወመም። «ጋሼ፣ ተሳሳትኩ?» አልኩት። «ሳታዪው አትወስኚ። ቦታ ሳናይ አንፈርድም እኮ ብለሽኛል» አለኝ። ያን ያልኩት ከአሮጊቷ መዝገብ በኋላ ነው። ሦስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ።

መጀመሪያ አዲስ አበባ ሄድኩ። ስድስት ኪሎ ግቢ ሲገቡ ልብ ይሞላል። የንጉሡ ቤተ መንግሥት የነበረ ግቢ ነው። የሕግ ትምህርት ቤቱ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ያስተምራል፤ በሀገራችን የመጀመሪያው ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔትን የመጀመሪያ ቅጾች አወጡልኝ። ገጹ ቢጫ ሆኗል። አማርኛውና እንግሊዝኛው አንድ ላይ ነው። እዚያ ወንበር ላይ ስንት ታላላቅ የሕግ ሰዎች እንደተቀመጡ ሳስብ እጄን ጠረጴዛው ላይ አሳርፌ ዝም አልኩ። ደግሞም የሕግ ስህተትን በመጨረሻ የሚያርመው ሰበር ሰሚው ችሎት ያለው አዲስ አበባ ነው። ከ1997 አዋጅ ወዲህ ሰበር የሰጠው የሕግ ትርጉም እኛን የወረዳዎቹን ሁሉ ያስገድዳል። ምንጩ አጠገብ መማር ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ መምህር ጊዜ ሰጥተው አነጋገሩኝ። የአሮጊቷን ጉዳይ ነገርኳቸው። ለምን እንደነገርኳቸው አላውቅም፤ ከአፌ ወጣ። ሃያ ደቂቃ አስረዱኝ። የማስረጃ ምዘና ጥያቄ ነው፣ የባለሙያ ቃል እንዲህ ይመዘናል፣ የማስረዳት ሸክሙ እዚህ ላይ ይዞራል አሉ። እያንዳንዷ ቃል ትክክል ነበረች። ዛሬም ችሎት ላይ እጠቀምባታለሁ።

ተመልሼ አንድ ሌሊት ቤቴ አደርኩና በማግሥቱ «ሞጣ! ባሕር ዳር!» የሚለው መኪና ላይ ወጣሁ።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ነው ዩኒቨርሲቲ የሆነው፤ ፖሊ የሚባለው የፖሊቴክኒክ ተቋምና ፔዳ የሚባለው የመምህራን ኮሌጅ ተዋህደው። ከተማው ሰው ዛሬም ፖሊና ፔዳ ነው የሚለው። እንደ ስድስት ኪሎ ሲገቡ የሚያስደነግጥ ቤተ መንግሥት የለውም። ዛፍ አለ፣ ሙቀት አለ፣ ብስክሌት አለ። እዚያም አንድ መምህር አገኘሁ። የአሮጊቷን ጉዳይ በዚያው አፌ ነገርኳቸው። አቋረጡኝና «ካርታውን ይዘሽዋል?» አሉኝ።

አልያዝኩትም ነበር። በስልኬ ያነሳሁት ፎቶ ግን ነበር። ስልኩን ተቀብለው ምስሉን አሰፉት፣ በጣታቸው መስመሩን ተከተሉት፣ ቀና አሉና «ይሄ መስመር ለምን ቀጥ አለ? ገበሬ የሚያርሰው ዳር እንዲህ ቀጥ ይላል?» አሉ። እውነትም መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ካርታውን መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ይህን አላየሁም። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት እንዳለው፣ ልኬታና ካዳስተር፣ ማለትም የመሬት ካርታና መዝገብ ሥራ፣ የሚማሩ ልጆች እንዳሉ፣ ፈቃድ ጠይቄ ክፍላቸው ገብቼ መቀመጥ እንደምችል ነገሩኝ። ስወጣ አንድ ተማሪ ጂፒኤስ ይዞ ሣሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ጠጋ ብዬ «ስንት ይሳሳታል?» አልኩት። ደስ ብሎት ማስረዳት ጀመረ። ያቺን ጥያቄ ለዚያ ትሑት ባለሙያ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር።

ስለዚህ አንቺ የደወልሽልኝ እህቴ፣ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይበልጣል ብለሽ ብትጠይቂኝ ይህን ነው የምልሽ፦ አንቺም መዝገብ ይኖርሻል። ሌሊት የሚቀሰቅስሽ መዝገብ። ይዘሽው ሂጂና ሁለቱም ቦታ ተናገሪው። የኮርሱን ዝርዝር ስታነቢ መዝገቡን አጠገቡ አስቀምጪው። ጥናትሽን ማን እንደሚያማክርሽ ከመመዝገብሽ በፊት ጠይቂ፤ መምህሩ ያንን ጉዳይ ሲሰማ ዓይኑ ምን እንደሚሆን እይ። የስፖንሰር ውሉንም አንብቢው። ስንት ዓመት ተመልሰሽ እንደምታገለግዪ፣ ብትለቂ ስንት እንደምትከፍዪ ሳታውቂ አትፈርሚ። ሌላው ሰው ውሉን እንዲያነብ በየቀኑ እናዛለን፣ የራሳችን ሲሆን ግን የመጨረሻው ገጽ ላይ ዘለን እንፈርማለን።

ባሕር ዳርን መረጥኩ። ቀላል አልነበረም። ልጄ የመጀመሪያው ወር ላይ ትኩሳት ይዟት አማቴ በስልክ ድምፅዋን አሰማችኝ። «እማዬ ነይ» ስትለኝ የጣና ዳር ሁሉ ጠበበኝ። ትምህርቱም ራሱ ከበደኝ። የክልላችን የተሻሻለው የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቁጥር 252/2009፣ ገና አንድ ዓመት ቢሞላው ነበር። እኛ ችሎት ላይ አሁንም በቀድሞው የ1998 አዋጅ፣ በቁጥር 133ቱ ጭንቅላት ነበር የምናስበው። 3367 አንቀጽ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሬት የግል በነበረበት በ1952 ዓ.ም. የወጣ ነው። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው የየካቲት 1967 አዋጅ ከሥሩ ምን እንደነቀለበት፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ምን እንዳጸናበት አንድ በአንድ ስናይ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በሁለት ዘመን ሕግ መካከል ቆሜ እንደፈረድኩ ገባኝ።

ያጣሁትም አለ። አብራኝ የተፈተነች ጓደኛዬ አዲስ አበባ ገባች። አዲሱ የንግድ ሕግ በ2013 ሲወጣ እሷ በዚያ ሥራ መሃል ነበረች። ዛሬ ድርጅቶችን ታማክራለች፣ የራሷ ቢሮ አላት፣ ልጆቿን የምታስተምርበትን ትምህርት ቤት ሳይ ስለ ልጄ አስባለሁ። ይህን ደብቄ «የኔ ምርጫ በሁሉም በኩል ተሻለ» ብልሽ እዋሻለሁ። እሷም የመረጠችው የራሷን መዝገብ ይዛ ነው። አባቷ ነጋዴ ነበር፤ በአንድ ቼክ ምክንያት ሱቁን ሲዘጋ አይታለች።

ለአባዬ የነገርኩት ከተመዘገብኩ በኋላ ነው። በስልክ። «የመሬቱን ነው?» አለኝ። «አዎ አባዬ» አልኩት። ዝም አለ። ከኋላው ዶሮ ሲጮኽ ይሰማኛል። «እሺ፣ እግዚአብሔር ይርዳሽ» ብሎ ዘጋው። መከፋቱን አውቄዋለሁ።

የጥር ዕረፍት ላይ አገር ቤት ገባሁ። እራት በልተን፣ እናቴ ልጄን አስተኝታ፣ እሳቱ አጠገብ ቁጭ ብለናል። አባዬ ተነሳና ከሣጥኑ ውስጥ አንድ ፌስታል አወጣ። ፈታው። የይዞታ ደብተሩ ነው። ከውስጡ ደግሞ አራት ቦታ የታጠፈ አዲሱ ካርታ አለ። ከተሰጠው ጀምሮ የተዘረጋ አይመስልም፤ እጥፋቱ ጠንካራ ነው።

«አንብቢልኝ እስቲ» አለኝ።

የእጅ ባትሪውን እሱ ያዘልኝ። ካርታውን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። ቁጥሩን አነበብኩለት። ስፋቱን አነበብኩለት። ሰሜን የቱ ጋ እንደሆነ አሳየሁት። የቤታችንን፣ የመንገዱን፣ የጅረቱን ቦታ በጣቱ እንዲነካ አደረግኩት። ጣቱ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ድምፅ ያሰማል። መስመሩን ተከትሎ በምሥራቅ በኩል እስከ ጥጉ ሄደና ቆመ።

«ዋንዛው የት አለ?» አለኝ።

ዋንዛው አያቴ የተከለው ነው። በ1989 ገመዱ የታሰረው እዚያ ዛፍ ላይ ነው። ከጎረቤታችን ጋር ያለን ድንበር እሱ ነው፤ ሁለቱም ቤት ከጥላው ሥር ምሳ በልቷል። ካርታውን ወደ ባትሪው አስጠጋሁት። መስመር አለ፣ ቁጥር አለ።

«ዋንዛው እዚህ ላይ የለም አባዬ» አልኩት።

ባትሪውን ትንሽ ዝቅ አደረገ። «እንግዲያው ነገ ጠዋት እንሂድና አሳይሻለሁ፤ ጻፊው» አለኝ።